በሹክሹክታ

እንጀራዬ ድምፄ ነው፣ ቡሬ መናኸሪያ፣
ጎህ ሲቀድ ጀምሬ እስከ መብራት ማብሪያ፦
«ማርቆስ! ማርቆስ! ማርቆስ! ሁለት ሰው የቀረ!»
(ስድስት መሆኑን ልቤ እየቆጠረ።)

ሐምሌ ነበር፣ ዝናብ። ከዳንግላ የመጣ
አንድ ሚኒባስ ቆሞ ሰዉ ሁሉ ሲወጣ፣
ከኋላ ወንበር ሥር፣ አፉ በሲባጎ ጠብቆ የታሰረ
አንድ ጆንያ ብቻ ወራጅ አጥቶ ቀረ።
ደግሞ ይንቀሳቀሳል!
ሾፌሩ «ዶሮ ነው፤ ባለቤቱ ይመለሳል»
አለና ሄደ።
አልተመለሰም። ሰዓቱ ገፋ፣ ቀኑ ጨለመ፤
ጆንያው አንዴ ይፎክራል፣ አንዴ ያለቅሳል።
«ዶሮማ እንዲህ አይልም» አልሁ፤ ጠጉሬ ቆመ።

ተሸክሜው ገባሁ። ፈታሁት። ምን ልበል!
የታሰረ መብረቅ ከጆንያ ሲገነጠል፦
ግድግዳውን ወጣች፣ ድስቱን ገለበጠች፣
ራዲዮኔን ጥላ አልጋ ሥር ተወሸቀች።
ጥቁርና ነጭ ናት። «ቡሬ» አልኋት እዚያው፣
መልኳም ቡሬ ነውና፣ ያወረዳትም ከተማው።

ልማድ ክፉ ነው። ጮህሁባት ተንበርክኬ፣
«ነይ ውጪ! ውሮ! ነይ!» እጄን ወደ ጨለማው ልኬ።
እጄን መለሰችው በአምስት ቀይ መስመር፤
ጅራቷ የጠርሙስ መጥረጊያ፣ ጆሮዋ የለም፣ ጥርስ ብቻ ነበር።
ስጎትት ትተፋለች፣ ስቆጣ ትቆጣለች፣
ድምፄን በጨመርሁ ቁጥር ግድግዳ ልትሆን ትደርሳለች።

ጩኸቴን ሰምታ መጣች እንጉዳይ ጎረቤቴ፤
ወፍጮ ቤት ነው ሥራዋ፣ ከሷ በፊት ዱቄቷ ገባ ወደ ቤቴ።
«ምነው አንተ» አለችኝ፣ «ድመት ናት ወይስ ተሳፋሪ?
የወፍጮ ቤት ድመት እኔ ነኝ ያሳደግሁ፤ ስማኝ፣ አንተ ተጣሪ።
መብራቱን አጥፋው። በሩን ዝጋ። ዓይኗን አትየው፤
ዓይን ተክሎ ማየት ለድመት ጠብ ነው።
ውሃ አኑርላት፣ ራቅ አድርገህ፤ ካለህም ቋንጣ።
አትሳባት። ከፈለገች ራሷ ትምጣ።
ይህን ጆንያ ደግሞ አደራ እንዳትጥለው፤
የናቷ ጠረን፣ የቤቷ ጭስ ያለው እሱ ላይ ነው።
አንተም ቁጭ በል መሬት። ዝም በል፤ ከቻልህ።»

ከጭረቱ ይልቅ ያቃጠለኝ «ከቻልህ»።

ቁጭ አልሁ።
ዝም ማለት ሥራ እንደሆነ ያን ሌሊት አወቅሁ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፤ ከሥሩ የሷ ትንፋሽ፣ የኔ ትንፋሽ፣
ከሩቅ አንድ ጅብ፣ ሲቀርብና ሲሸሽ።
እኔም ባሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ከሽንዲ፣ በበቆሎ ጭነት ላይ ተቀምጬ
ቡሬ የገባሁ ለት፣ የቆመ አውቶቡስ ሥር አደርሁ፣ ከጩኸቱ አምልጬ።
ማንም ድምፁን ዝቅ አላደረገልኝም።
(ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም።)

እሹሩሩ አላውቅም። ቃሌ የመንገድ ነው።
የቀኑን ጩኸት ሌሊት በትንፋሽ ስደግመው፦
«ማንኩሳ… ፍኖተ ሰላም… ጅጋ…
ደምበጫ… አማኑኤል… ማርቆስ…» ሊነጋጋ
ጥቂት እስኪቀረው።
ፍኖተ ሰላምን ዕድሜ ልኬን ጠራሁ፤
ታሪፉን እንጂ ስሙን ገና ያን ሌሊት ሰማሁ።

ዶሮ ሲጮህ ወጣች፣ በሆዷ እየተሳበች፤
ቋንጣውን አልፋ፣ ጣቴን አንዴ ብቻ አሸተተች፤
ጆንያው ውስጥ ገባች። ሁለቴ ዞረች። ተኛች።
ባንድ ዓይኗ፣ ከጆንያው አፍ፣ እያየችኝ ቆየች።
ዓይኔን ቀስ ብዬ ከደንሁላት።
እሷም ከደነች።

ጠዋት መናኸሪያ ድምፄ እንደ ሌሊቱ ወረደ።
«ስንት ቀረን?» አለኝ ሾፌሩ። «ስድስት።» አንዱ ሰምቶ ሄደ።
ሾፌሩ ሰደበኝ። እኔ ልቤ ቤት ነው፦
ውሃውን ሞልቻለሁ። ዘግቻለሁ በሩን።
ወፍጮው ከማዶ ተነሣ።
ሰምታው ይሆን?